የጋሼ ኢተፋ ሁለተኛ ባትሪ

ናዝሬት፣ ጥቅምት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተወደድከው ልጄ ለአብዱልመናን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ወረቀት ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ የዚያ አገር ቁር እንዳይጎዳህ፣ ሲደርስም በጤና እንዲያገኝህ አላህን እለምናለሁ። አባትህና እኔ የወንድማማች ልጆች ብንባልም ያሳደገን አንድ ግቢ ነውና እንደ ልጄ አይሃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ዝናቡ አባርቶ የናዝሬት አዋራ ወደ ቦታው ተመልሷል። ባለቤቴ እትዬህ ቶይባም ደህና ናት።

የምሥራች ልንገርህ፤ መኪና ገዛሁ። አዳሚ ቱሉ ላይ አምስት ዓመት ከብት ሲያጠና የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲገባ ኮምቢውን ሸጠልኝ። እንደሌላው ኮምቢ ሰው ደርድሮ የሚጭን እንዳይመስልህ። ውስጡ ቤት ነው! ተዘርግቶ የሚታጠፍ አልጋ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ ቁም ሣጥን አለው፣ አበባ ያለበት መጋረጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ደግሞ መብራት አለው። ጎረቤቱ ሁሉ ጫማውን እያወለቀ እየገባ ጎበኘው።

ችግሯ አንድ ነው። ማታ መብራቷን አብርቼ ሬዲዮ ከሰማሁ ጠዋት አትነሳም። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ «ጭ» ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ጎረቤት መጥራት ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ አራት ቀን ተገፋሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ገመዳ ሳይቀር ወገቡን ይዞ ገፍቷል። ላቡን እየጠረገ፣ «ኢተፋ፣ ይህ የኅብረት ሥራ ነው ወይስ የግል?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን ባትሪውን ፈትቼ በየሦስት ቀኑ በጋሪ ወደ ቻርጅ ቤት እልከዋለሁ። እስካሁን ከእኔ ይልቅ ባትሪው ነው ከተማውን የዞረው።

አንተ ጀርመን የምትሠራበት ጋራዥ እንዲህ ያሉትን መኪኖች እንደሚያሰናዳ አባትህ ነግሮኛል። ለመሆኑ ፈረንጆቹ ማታ አብርተው አምሽተው ጠዋት የሚነሳላቸው በምን ጥበብ ነው? ቶሎ ጻፍልኝ፤ ጎረቤቶቼ ሰላምታዬን መሸሽ ጀምረዋል።

ጋሼህ ኢተፋ

---

ኡልም፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኅዳር 21 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኢተፋ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ። ደብዳቤዎ እጄ ሲገባ እዚህ የመጀመሪያው በረዶ ወርዶ ነበርና እሱን እያነበብኩ ሞቀኝ። ለእርስዎም፣ ለእትዬ ቶይባም፣ ለግቢው ሁሉ ጤና ይስጥልኝ። መኪናውን አላህ ለመልካም ያድርገው።

ጥበቡ እንዲህ ነው። ያለዎት ባትሪ አንድ ነው። እሱው ሞተር ያስነሳል፣ እሱው መብራት ያበራል። ማታ መብራቱ ጠጥቶ ሲጨርሰው ለጠዋቱ ሞተሪኖ ምን ይተርፈዋል? ስለዚህ እኛ ሁለተኛ ባትሪ እንጨምራለን። አንደኛው ሥራው ማስነሳት ብቻ ነው። ሁለተኛው ለመብራቱ፣ ለሬዲዮው፣ ለቤቱ ነው።

ሁለቱንም የሚሞላው ያው ከኋላ ሞተሩ ጋ ያለው ዲናሞ ነው፤ መኪናው ሲነዳ። መካከላቸው ሪሌ የሚባል ትንሽ ዕቃ ይገባል፤ እንደ በረኛ ነው። ሞተሩ ሲነሳና ዲናሞው መሥራት ሲጀምር በሩን ይከፍታል፤ ሁለቱም ባትሪ ይሞላል። ሞተሩ ሲጠፋ በሩን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ መብራቱ ከሁለተኛው ብቻ ይጠጣል እንጂ የማስነሻውን አይነካም። ገመዱ ወፍራም መሆን አለበት፤ በቀጭን ሽቦ የሚሄደው ኃይል መንገድ ላይ ያልቃል። በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ ይግባበት።

የባትሪውን ልክ ለማወቅ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎ። መብራቱ በቀን ስንት ሰዓት ይበራል? ሬዲዮውስ? ፍሪጅ አለው? ከተገዛ ወዲህ ስንት ኪሎ ሜትር ተነድቷል?

ሌላው፣ እትዬ ቶይባ ከደብዳቤዎ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ ሁለት መስመር ያስጽፉልኝ ነበር። በዚህኛው ግርጌውን ባዶ አገኘሁት። ደህና ናቸው አይደል?

ልጅዎ አብዱልመናን

---

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልመናን፣

አላህ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። እኛ ደህና ነን። ቶይባ ደህና ናት ብዬህ ነበር፤ አሁንም ደህና ናት።

ደብዳቤህን ለጫላ አነበብኩለት። ጫላ የመኪና መብራት የሚሠራው ጎረቤታችን ነው፤ እጁ ፈጣን ነው፣ ጆሮው ግን እስኪጨርሱለት አይታገስም። «ሁለት ባትሪ» የሚለው ላይ ስደርስ «በቃ ገባኝ!» ብሎ ተነሳ። ከአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ባትሪ አምጥቶ፣ የበር ደወል በሚሠራበት ቀጭን ሽቦ ከመጀመሪያው ጋር አሰረው። በረኛ የለ፣ ፊውዝ የለ። ድሮ የሚሞተው አንድ ባትሪ ነበር፤ አሁን ሁለቱ ተቃቅፈው ይሞታሉ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ ቁልፉን ሳዞር ሽቦው ቀልቶ ጨሰና መጋረጃዬን ሊበላው ነበር። ጫላ ጭሱን እያየ፣ «ኤሌክትሪክ እንዳለ ያረጋግጣል» አለኝ።

ለጠየቅኸው መልስ ይኸውልህ። መብራት ከመግሪብ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ይበራል፤ ሁልጊዜ ነው፣ የቀረበት ቀን የለም። ሬዲዮ ዜናውን፣ ከዜናው በኋላ ያለውን፣ ከዚያም በኋላ ያለውን እሰማለሁ። ፍሪጅ አላት፣ ግን አይሠራም፤ ሸሚዞቼን አስቀምጬበታለሁ፣ ብል አይገባውም። ከተገዛች ወዲህ የነዳኋት ስልሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከእሱ ሃምሳው ሶደሬ ደርሶ መልስ ነው። የቀረው መገፋት ነው።

እንግዲህ ያንን በረኛ ላክልኝ። መብራቱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እየደከመ ቁርኣን ማንበብ እየከለከለኝ ነው። ደግሞ ጥር ሲገባ ብርዱ ይበረታል፤ የዚህ መኪና ቆርቆሮ ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ አታውቅም።

ጋሼህ ኢተፋ

---

ኡልም፣ ጥር 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኢተፋ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። ጭሱ መጋረጃው ላይ ብቻ በመቅረቱ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ለጫላ ግን እባክዎ ከእንግዲህ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብቡለት፤ ከተነሳም ይያዙት።

ጋሼ፣ ከመጻፌ በፊት ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። ድፍረት ከሆነብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የላኩልኝን ቁጥር ለሒሳብ ቁጭ አልኩበት። የእኛ ደንበኞች በአንድ ወር ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይነዱና አሥር ምሽት ያበራሉ። እርስዎ በሦስት ወር ስልሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነድተው ዘጠና ምሽት አብርተዋል። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ፣ «ዘመድህ የገዛው መኪና ነው ወይስ የመንገድ መብራት?» አለኝ። ሪሌው በር የሚከፍተው ሞተሩ ሲዞር ነው። ካልተነዳ የሚሞላ ነገር የለም። ስለዚህ ዕቃውን ብልክልዎም ለዚህ አኗኗር አይረዳዎትም።

አኗኗር ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ሸሚዝዎ ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? የቆርቆሮውን የሌሊት ብርድ እንዴት ሊያውቁት ቻሉ? ጋሼ፣ እባክዎ፣ የሚያድሩት የት ነው?

ልጅዎ አብዱልመናን

---

ናዝሬት፣ መጋቢት 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአብዱልመናን፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የጠየቅሁህ ስለ ኤሌክትሪክ ነበር። ስለ ትዳር የሚጠየቁ ሽማግሌዎች እዚህ ሞልተውልኛል።

ይህን ጽፌ ላሽገው ነበር፤ ግን ምላሴን ይዤ አምስት ወር ቆየሁና ደከመኝ። ስማ እንግዲህ። የማድረው መኪናዋ ውስጥ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ፣ ከገዛ ቤቴ በር አሥራ አንድ እርምጃ ርቄ።

መኪናዋን ሳልገዛ በፊት ለቶይባ፣ «መጀመሪያ የምትቀመጪባት አንቺ ነሽ፤ ዝዋይ እህትሽ ፋዲላ ዘንድ እወስድሻለሁ» ብያት ነበር። መኪናዋ በመጣች በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ አዲስ ሻሿን አስራ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ ጓደኞቼ መጡና «እስቲ ፍሬኗን እንሞክር» አሉኝ። ሙከራው ሶደሬ ደረሰ። ሶደሬ ከደረስን ደግሞ ፍል ውሃው ውስጥ ሳንገባ? ከገባን ደግሞ ምሳ ሳንበላ? ስመለስ ፀሐይ ጠልቃለች። ወንበሩ በሩ ላይ አለ፣ ቶይባ የለችም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ብርድ ልብሴና ነጠላ ጫማዬ የመኪናዋ መወጣጫ ላይ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። እኔም ወንድ ነኝና «ደግ! አልጋ አለኝ!» አልኩ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ውጭ ታሳድረኛለች።

ምግቤን አትከለክለኝም። መስኮቱን ሁለቴ አንኳኩታ ሳህኑን አስቀምጣ ትሄዳለች። ስከፍት የማየው ጀርባዋን ነው።

ይባስ ብሎ ጓድ ገመዳ ትናንት ጠዋት መስኮቴን አንኳኳ። «አካም ቡልቴ ኢተፋ?» ይላል። ሰው ከገዛ ቤቱ ወጥቶ አድሮ እንዴት አደርክ ሲባል ምን ይመልሳል? ቅጽ ይዟል፤ የቤት ምዝገባ ነው። «የሚያድርበት ቤት» የሚል ቦታ አለው። «ኢተፋ፣» አለኝ፣ «መኪናው ውስጥ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ መብራት አለ፤ አንተም ታድርበታለህ። እንግዲህ ቤትህ ይህ ከሆነ ያኛው ትርፍ ቤት ነው። ቤትህ ያኛው ከሆነ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» እየቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀም። ቅጹን እስከ ግንቦት ሠላሳ ሞልተህ አምጣ ብሎኝ ሄደ። ትርፍ የተባለ ቤት እንደሚወረስ አንተም ታውቃለህ። ያን ቤት ከቶይባ ጋር ነው ጡብ በጡብ የሠራነው።

ግባ ትለኛለህ። ልግባ ብል በሩን ዘግታ ብታሳድረኝስ? ጎረቤት እያየ? ቢያንስ መብራቱ ቢሠራልኝ አስቤበት የወጣሁ እመስላለሁ። በጨለማ የተቀመጠ ሰው የተባረረ ነው የሚመስለው። በረኛውን ላክልኝ።

ኢተፋ

---

ናዝሬት፣ መጋቢት 4 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልመናን።

እኔ ቶይባ ነኝ። ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። አትሳቅ። ፊደሌ ቢንጋደድም ይነበባል። ማታ ማታ ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ስማር ቆይቼ ባለፈው ወር የምስክር ወረቀት ወሰድኩ። ለጋሼህ አልነገርኩትም። አንተም አትንገረው። እሱ እኔ ያን ጊዜ ዕድር የምሄድ ይመስለዋል።

ጤናህ እንዴት ነው። ሚስት አገባህ ወይ። ካላገባህ ግድ የለም መጀመሪያ ይህን ስማ።

ጋሼህ አንድ ዕቃ ላክልኝ እንዳለህ ከጫላ ሰማሁ። ጫላ የሰማውን አይደብቅም። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ እንዲበራ የሚያደርግ ነው አሉ። በአላህ ይዤሃለሁ አትላክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራቱ በሦስት ሰዓት መድከም ይጀምራል። ሲደክም እኔ ተነስቼ የበሩን መቀርቀሪያ አነሳለሁ። አምስት ወር ሙሉ በሬ ተዘግቶ አያውቅም። ሌባ ቢገባ ምን እል ነበር። መብራቱ ሲጠፋ እሱ ትንሽ በጨለማ ይቀመጣል። አንድ ቀን የመኪናው በር ተከፈተ። እግሩን መሬት ላይ ሲያደርግ በመስኮት አየሁት። ቆመ ቆመና አስነጠሰው። ጎረቤት የሰማው መስሎት ተመልሶ ገባ።

ጨለማው ነው የሚያመጣልኝ። ብርሃን ካገኘ እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል። እኔ ውጣ አላልኩትም። ብርድ ልብሱን ያወጣሁት ይቅርታ እንዲለኝ ነው። አንድ ቃል ነበር የፈለግሁት። አሁን እኔ ግባ ብለው ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነው።

መልስ ስትጽፍ በሴቶች ማኅበር የፖስታ ሣጥን አድርገው። አሁን እጄ ደከመ።

እትዬህ ቶይባ

---

ኡልም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለእትዬ ቶይባ፣

ፊደልዎ ከእኔ ይሻላል፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶት ነው ሁለት ጊዜ ያነበብኩት። ሚስት ገና አላገባሁም። ዕቃውን ላልልክ አልችልም፤ ጋሼ ሌላ ሰው ይለምናሉ፣ ወይም ጫላ ግቢውን ያቃጥላል። ግን ከዕቃው ጋር የባትሪ ኃይል መለኪያ ሜትር እልካለሁ። ሜትር ቁጥር አለው። ቁጥር ደግሞ የሚያነብ ሰው ይፈልጋል። ከዚህ በላይ አልልም።

ልጅዎ አብዱልመናን

---

ኡልም፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኢተፋ፣

ረጅም ዕድሜና ሰላም እመኝልዎታለሁ። ስለ ጻፉልኝ ነገር ምንም አልልም፤ በዕድሜ ልጅዎ ነኝ። የምናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው።

ሪሌውን፣ ወፍራሙን ገመድ፣ ሁለት ፊውዝና አንድ የባትሪ ኃይል መለኪያ ሜትር ለሥራ ወደ አዋሽ በሚመጣ ወዳጄ እጅ ልኬያለሁ። የሪሌው ማዘዣ ሽቦ የሚገናኘው ሲነዱ ከፊት ለፊትዎ ካለችው የዲናሞው ቀይ መብራት ሽቦ ጋር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ቀይዋ ስትጠፋ ሪሌው «ጠቅ» ይላል፤ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

አሁን የምጽፈውን ግን በደንብ ይያዙልኝ። ሁለተኛው ባትሪ አዲስ ሲገባ የመጀመሪያውን ሙሌት ሳይቋረጥ በመንዳት ማግኘት አለበት። ቆሞ ሞተር ማስጮህ አይሆንም፤ ገበያ ደርሶ መመለስም አይሆንም። ባትሪ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይቀበላል፣ ሊሞላ ሲል ደግሞ ይሽኮረመማል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቢያንስ አምስት ሰዓት፤ ለምሳሌ ከናዝሬት ዝዋይ ደርሶ መልስ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሜትሩን በየአሥር ደቂቃው የሚያነብ ሰው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጥ። ሾፌር ዓይኑን ከመንገድ አይነቅልም። መርፌው ከአሥራ ሁለት ተነስቶ አሥራ አራት ላይ ይወጣል። አሥራ አራት ደርሶ ግማሽ ሰዓት ካልተነቃነቀ ጥሩ ተቀብሏል ማለት ነው። አንባቢው ሰው ቁጥር የሚለይ፣ የማይቸኩል፣ ያየውን በእውነት የሚነግርዎ ይሁን። ጫላ አይሆንም።

ልጅዎ አብዱልመናን

---

ናዝሬት፣ ግንቦት 22 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱልመናን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፣ የምትዘጋውንም የምትከፍተውንም በር ያሳምርልህ። ይህን የምጽፍልህ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የጓድ ገመዳ ቅጽም «የሚያድርበት ቤት» ላይ ይህ ቤት ተሞልቶበታል። እንዴት እንደገባሁ በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ጫላ ለሰፈሩ ያወራው ግማሹ ውሸት ነው።

ዕቃው በደህና ደረሰ። ደብዳቤህን አንብቤለት እስክጨርስ ጫላን በሸሚዙ ይዤው ነበር። ከሰዓት በኋላውን ሠርቶ ጨረሰ። ቁልፉን ሳዞር ቀይዋ ጠፋች፣ ሪሌው «ጠቅ!» አለ። ጫላ ደስ ብሎት ሞተሩን እያጠፋ እያስነሳ ሰፈሩን በሙሉ ጠርቶ «ጠቅ» ሲል አሰማው።

የቀረው ሜትር አንባቢ ነበር። ጓድ ገመዳን ብለምነው ስብሰባ አለብኝ አለ። ጓደኞቼን ብጠይቅ፣ የሶደሬዎቹን፣ አንዱ ወገቡን አሞታል፣ አንዱ ልጁን ይድራል፣ አንዱ ከቤቱ ሳይወጣ «የለም» አሰኝቶ ከበር መለሰኝ። ተናድጄ ግቢው መካከል ቆምኩና፣ «በዚህ አገር ቁጥር የሚያነብ ሰው ይጥፋ?» ብዬ ጮህኩ።

ቶይባ ከበሩ ላይ፣ «እኔ አነባለሁ» አለች።

ሳቅሁ። ከስምንት ወር በኋላ ፊቷን አይቼ የሰጠኋት የመጀመሪያ ነገር ሳቅ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። መጣች፣ ደብዳቤህን ከእጄ ወሰደች፣ ጣቷን እያስኬደች፣ «አንባቢው ሰው ቁጥር የሚለይ፣ የማይቸኩል፣ ያየውን በእውነት የሚነግርዎ ይሁን» ብላ አነበበችው።

«መቼ ተማርሽ?» አልኳት።

«አንተ ሬዲዮ ስትሰማ» አለችኝ።

ወላሂ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ለእኔ የመጣ ወረቀት ሁሉ በእኔ አፍ ነበር የሚደርሳት። ደብዳቤ ባነበብኩላት ቁጥር ደስ የማይለኝን መስመር እየዘለልኩ ነበር። ለካ ከእንግዲህ መዝለል የለም።

የሁለት ወር የቤንዚን ኩፖኔን አጠራቀምኩ። የይለፍ ወረቀት ለመጠየቅ ቀበሌ ሄድኩ። ጓድ ገመዳ «የጉዞ ምክንያት?» አለ። «ባትሪ ለመሙላት» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ናዝሬት ቻርጅ ቤት የለም?» አለኝ። አስረዳሁት፤ ስለ ዲናሞው፣ ስለ ሪሌው፣ ስለ ሜትሩ። በመጨረሻ «አንባቢው ማነው?» ሲለኝ «ቶይባ» አልኩ። አየኝ፣ አየኝና ጻፈ፦ «ከባለቤቱ ጋር ባትሪ ለመሙላት፣ እስከ ዝዋይ ድረስ»። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት። «ቅጹን ስትመለስ ትሞላዋለህ» አለኝ።

እሁድ ጠዋት ወጣን። እጇን ሂና ተቀብታለች። ከጎኔ ተቀመጠች፣ ሜትሩን ጭኗ ላይ አደረገች። ከናዝሬት እስከ ሞጆ ከአፏ የወጣው ቁጥር ብቻ ነው። «አሥራ ሁለት ተኩል።» ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ «አሥራ ሁለት ተኩል፣ ትንሽ አለፍ ያለ።» እንዲህ ያለ ሐቀኛ አንባቢ አይቼ አላውቅም።

ቆቃ ላይ ውሃው ሲታየን ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዓይኔን ከመንገድ ሳልነቅል፣ «ቶይባ፣ ያን ቀን በድዬሻለሁ። ወንበር ላይ እንዳለሽ አውቄ ነው የሄድኩት፤ ረስቼ አይደለም። በጓደኞቼ ፊት ሚስቱን የሚፈራ እንዳልባል ነው። ይቅር በይኝ» አልኳት።

ድልድዩን አለፍን። ከዚያ፣ «አሥራ ሦስት ከሩብ» አለች።

እንግዲህ አልሆነም ብዬ ነዳሁ። ዓለም ጤና ስንደርስ ግን በራሷ ጊዜ፣ «ያን ቀን እኮ ለፋዲላ የምወስድላትን ቅቤ እንኳ ቋጥሬ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንተ ውጭ ስታድር እኔም አልተኛሁም። በብርድ ታስልብኛለህ፤ ወጥቼ እንዳልደርብልህ እልኬ ያዘኝ» አለች። አለቀሰች። እኔም መንገዱ አልታይ አለኝና አቁሜ ዓይኔን ጠረግሁ። ሞተሩን ግን አላጠፋሁም፤ ሙሌቱ እንዳይቋረጥ።

ዝዋይ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ የይለፉን ወረቀት ገልብጦ ገለባብጦ አየው። «ባትሪ ለመሙላት ሚስት ይዞ መሄድ ምን ማለት ነው?» አለኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ቶይባ ቀና ብላ፣ «እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሜትር አነባለሁ» አለችው። ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ፋዲላ ዘንድ፣ ሞተሩን በር ላይ እንደተነሳ ትተን፣ ምሳ በላን፤ ሦስት ሰው ሙሉ ቤት ሆነ። ስንመለስ ከመቂ ጀምሮ መርፌው አሥራ አራት ላይ ቆመ። እኔም በዓይኔ ጥግ አየሁት፣ አልነቃነቅ አለ። ሞጆ ደርሰን ወደ ናዝሬት የሚታጠፈው ጋ ስንቃረብ ግማሽ ሰዓቱ አልፏል። አንተ እንዳልከው ሞልቷል። ጫላማ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ «ሜትሩ ሰው አነበበው አላነበበው ባትሪው ያው ነው የሚሞላው፤ ልጁ ምን አስቦ ነው?» ብሎኛል።

ፍጥነት ቀነስኩና፣ «ስንት ነው ቶይባ?» አልኳት።

በሂና የቀላ እጇን ሜትሩ ላይ ጣል አደረገችበት። «ገና ነው» አለች።

«ብዙ ይቀረዋል?»

«ብዙ።»

ወደ ግራ ከታጠፍን የሚወስደን ወደ ቢሾፍቱ ነው። የይለፉ ወረቀት ቢሾፍቱን አያውቅም። ቤንዚኑም ለዚያ የተቆጠረ አይደለም። ጓድ ገመዳ ቅጹን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ መንገዱን እያየች ነበር።

ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ጋሼህ ኢተፋ